ቁልቁል ወደ ኮቶር

ሦስተኛው ብርጭቆ ሲቀዳ ኔዳ ዐይኗን ከአባቷ እጅ ላይ መንቀል አቃታት። የመጀመሪያውን «ለቤቱ» ብሎ ጨልጦታል። ሁለተኛውን «ለጊዮርጊስ» ብሎ ደግሞታል። አሁን ደግሞ ጋሼ ሳቮ፣ ፊታቸው በደስታና በምድጃ ሙቀት ቀልቶ፣ የወይን አረቄውን ጢም አድርገው ቀድተው ከፊቱ ቆመዋል።

«ተው አበልጄ፣ በቃኝ። እንግዳ ይዣለሁ እኮ» አለ አባቷ ትሪፖ። እጁ ግን አፉን ሳይሰማ ብርጭቆውን ለመቀበል ተዘርግቷል።

«በሁለት ልታቆም? ሥላሴ ሁለት ናቸው ያለህ ማነው?»

ገበታውን የከበበው ሰው ሁሉ ሳቀ። ትሪፖም ሳቀ፣ ጠጣውም። ኔዳ ግን ከዚህ ቤት በኋላ ያለው መንገድ ነበር የታያት፤ ከኜጉሺ መንደር ወጥቶ ኩርባ በኩርባ እየተጠማዘዘ እስከ ኮቶር ባሕር ድረስ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ።

በተራራው ላይ የአንድ ቤት ቅዱስ በሚዘከርበት ቀን ማንም ማንንም አይጠራም፤ መምጣት ያለበት ራሱ ያውቃል። አባወራው ቀኑን ሙሉ ሳይቀመጥ እየዞረ ያስተናግዳል። እንግዳውም የተሰጠውን ይቀበላል። አበልጅ ሆኖ፣ ያውም ልጁን ክርስትና ያነሱለት ሰው ደጅ በዝክራቸው ቀን መኪና እየነዱ ማለፍ የማይታሰብ ነው። ትሪፖ ጠዋት ከቡድቫ ሲነሱም ይህን ያውቅ ነበር።

«ለሰላምታ ብቻ ነው» ብሏት ነበር። «አንድ ቁራሽ ዳቦ፣ አንድ ማንኪያ ንፍሮ፣ ከዚያ እብስ!»

«አረቄስ?»

«ለሾፌር? አብደሻል እንዴ!»

የዋሸም አልመሰላት። አባቷ ጠጪ ሰው አይደለም። ሌላ ቀን ቢሆን ብርጭቆ በመዳፉ ሸፍኖ የሚቀልድ ሰው ነው። በአስራ አምስት ዓመት ዕድሜዋ ሰክሮ ያየችው ጊዜ ትዝ አይላትም። ችግሩም ይኸው ነበር፤ ጠጪ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምታደርግ ቀድማ ባሰበችበት።

በሩ ተከፈተና ትሪፖ የሚያዞራቸው እንግዳ ወይዘሮ ሄንድሪካ የልጅ ልጃቸውን ፍሌርን እጇን ይዘው ገቡ። የጋሼ ሳቮ ባለቤት እትዬ ስታና ጢስ ቤቱን ሊያሳዩአቸው ወስደዋቸው ነበር። ሴትዮዋ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ከሆላንድ፤ ተራራ የሚባል ነገር በሥዕል ብቻ ካለበት አገር። ከጣሪያ እስከ ወለል ተሰቅሎ በጢስ የሚደርቀውን የአሳማ ጭን አይተው መገረማቸው ገና ከፊታቸው አልጠፋም። ፍሌር ደግሞ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ሁለቱም ጉንጮቿ በአይብ ተወጥረዋል።

«ይሄ እኮ በፕሮግራማችን ላይ አልነበረም!» አሉ ወይዘሮዋ ለኔዳ በእንግሊዝኛ። ከዚያ ትሪፖ ባዶውን ብርጭቆ ገበታው ላይ ሲያስቀምጥ አዩት። ፈገግታቸው አልጠፋም፤ ትንሽ ቆም አለ እንጂ።

ትሪፖ ከአፍ መፍቻው ሌላ ቋንቋ አያውቅም። ለዓመታት የሌላ ሰው መኪና ሲነዳ ቋንቋ አላስፈለገውም። ዘንድሮ ግን የራሱን ሚኒባስ ገዛ፣ ፈቃዱን አወጣ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኔዳን ከጎኑ አስቀምጦ እንግዳ ማዞር ጀመረ። ዛሬ ጠዋት ጼቲኜ ከተማ ላይ ወይዘሮ ሄንድሪካ «በመጪው ወር የድሮ ባልደረቦቼን ይዤ እመለሳለሁ፣ ከአባትሽ ሌላ ሾፌር አልፈልግም» ሲሉ፣ ኔዳ ተርጉማ ስትነግረው አባቷ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር። በደስታ።

ተሰናብተው ሲወጡ እትዬ ስታና ኔዳን በሩ ሥር ክንዷን ያዙ። በወገባቸው የታሰረው ሽርጥ ዱቄት በዱቄት ነው።

«ሦስት ነው የጠጣው አይደል?» አሉ በሹክሹክታ። «እኔ እኮ አንድ ጠብታ አልቀመስኩም። ወጥ ቤት ነው የዋልኩት። እኔ ላውርዳችሁ? መንገዱ በየገበያው ቀን አይብ ጭኜ የምመላለስበት ነው።»

ኔዳ ወደ ውስጥ አየች። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። የዝክር ቀን እንግዳ ጥላ የምትወጣ የቤት እመቤት ምን እንደምትባል ታውቃለች። ኮቶር በር ላይ ተደርድረው የሚቆሙት ሾፌሮችም ታዩዋት፤ ትሪፖ በገዛ መኪናው በሴት ተነድቶ መጣ ብለው ክረምቱን ሙሉ የሚስቁበት።

«ደህና ነው እትዬ ስታና። ምንም አልሆነም» አለች።

እትዬ ስታና ትንሽ አይተዋት ክንዷን ለቀቁት።

* * *

ትሪፖ እየዘፈነ ነበር የሚነዳው። ይህ ራሱ ኔዳን አስፈራት። አባቷ መሪ ሲይዝ ዝም የሚል፣ ሁለት እጁን ከመሪው የማያነሳ ሰው ነው። አሁን አንዱን ክንዱን መስኮቱ ላይ ጥሎታል፣ በሌላው እጁ በዘፈኑ ምት መሪውን ይመታል።

«አባ፣ ቀስ በል።»

«ቀስ ብያለሁ እኮ!»

«እጅህን አስገባ።»

«ኧረ በናትሽ አታካብጂው። ይሄን መንገድ ዐይኔን ጨፍኜ ነው የምነዳው።»

ኮረብታውን ዞር ሲሉ ባሕሩ ድንገት ከታች ተዘረጋ። ከኋላ ወይዘሮ ሄንድሪካ በረጅሙ ተነፈሱ። ፍሌር «መርከቦቹ ትንንሽ ናቸው!» ብላ ጮኸች። እውነትም ከዚያ ላይ ሆኖ ሲታይ የኮቶር አሮጌ ከተማ ከነግንቡ የሰው መዳፍ አይሞላም። መንገዱ ለአንድ መኪና ይሰፋል፣ ለሁለት ይጠባል። በገደሉ በኩል ያለው የድንጋይ ካብ ደግሞ እዚህም እዚያም የተቋረጠ ነው፣ ቁመቱም ከጉልበት አይበልጥም።

በዚህ መንገድ የሚወርድ መኪና ለሚወጣው ቦታ ይለቃል። ከየኩርባውም በፊት ክላክስ ይነፋል። «ክላክስ የተራራ ሰላምታ ነው» እያለ ያስተማራት አባቷ ራሱ ነው። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ነፋ። ሁለተኛው ላይም ነፋ። ሦስተኛው ላይ የዘፈኑ ዜማ ከፍ የሚልበት ቦታ ደረሰና ረሳው።

አውቶቡሱ ከኩርባው በስተጀርባ ብቅ ሲል ኔዳ ያየችው መስታወቱን ብቻ ነበር፤ ሙሉውን መስኮት የሞላ፣ የሰው ፊት የተደረደረበት መስታወት። ትሪፖ ፍሬኑን በኃይል ረገጠ። ሁሉም ወደ ፊት ተወርውረው ቀበቶው ያዛቸው።

የአውቶቡሱ ሾፌር አንገቱን አወጣ። «ክላክስህ ተበላ? ወይስ ሥራው ጠፋህ?»

«ይቅርታ ወንድም!» አለ ትሪፖ፣ አሁንም እየሳቀ። ማርሹን ወደ ኋላ መታ። ኔዳ አንገቷን አዙራ በኋላው መስኮት የመንገዱን ጠርዝ እያየች ነበር። ጠርዙ እየቀረበ መጣ። ከዚያ ጠፋ።

«አባ! አባ፣ ቁም!»

ከኋላ ጎማው ሥር ጠጠር ሲንኮታኮት ተሰማ። ጠጠሩ ተንከባለለ፣ ተንከባለለ፣ ከዚያ ድምፁ ቀረ። ትሪፖ መሪውን በኃይል ጠመዘዘውና መኪናው ወደ ውስጥ ዘለለ። በኔዳ በኩል ያለው ስፖኪዮ ከተራራው ግድግዳ ጋር ተላትሞ ተሰበረ። አውቶቡሱ በዝግታ፣ ሊነካቸው ምንም ሳይቀረው አለፈ።

ፍሌር መጀመሪያ ሳቀች። የአያቷን ፊት ስታይ ሳቋን ተወችው።

ወይዘሮ ሄንድሪካ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር፣ ክፍል ውስጥ የቆሙ ይመስል። «ኔዳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባትሽ እዚያ ቤት መጠጥ ጠጥቷል?»

«ምን አለች?» አለ ትሪፖ ወዲያው።

ኔዳ ወደ አባቷ ዞረች። «ጠጥቷል ወይ ነው የሚሉት።»

ትሪፖ ዘፈኑን ካቆመ ቆይቷል። አሁን ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጓል፤ ጣቶቹ ነጭ ሆነዋል። «ውሃ ነው በያት። የአበባ ጭማቂ ነው፣ የተራራ አበባ ጭማቂ። እንደዚያ በያት።»

«አባ…»

«ኔዳ! ይቺ ሴትዮ አንድ ቃል ብትጽፍ አለቀልን እኮ። ፈቃዴን ነው የሚነጥቁኝ። በያት!»

በተሰበረው ስፖኪዮ ውስጥ የራሷን ፊት ሁለት ቦታ ተከፍሎ አየችው። ዞር ብላ «ጭማቂ ነው» አለች። «ከተራራ አበባ የሚሠራ። በዝክር ቀን የሚቀርብ።»

ወይዘሮ ሄንድሪካ ትከሻቸው ወረደ። እጃቸውን ዘርግተው የኔዳን ክንድ ነካ አደረጉ። «ጥሩ። ይቅርታ አድርጊልኝ የኔ ልጅ። እዚህ አገር የማንንም ቋንቋ አልሰማም፣ የምሰማው አንቺን ብቻ ነው። ለዚህ ነው የጠየቅሁሽ።»

ከዚያ ወደ ኋላ ተደግፈው የፍሌርን ቀበቶ አጠበቁ። ኔዳ ወደ ፊት ዞረች። አፈረች፣ በጣም አፈረች። ጠልታውም ነበር አባቷን፤ ለአንድ አፍታ፣ ከልቧ።

«የኔ ጎበዝ» አለ ትሪፖ ቀስ ብሎ። መኪናው ተንቀሳቀሰ።

* * *

ከጥቂት ኩርባዎች በኋላ መንገዱ ሰፋ የሚልበት፣ አውቶቡሶች ለፎቶ የሚቆሙበት ቦታ አለ። ትሪፖ እዚያ አቆመ፤ ፕሮግራሙ ላይ አለና። ወይዘሮ ሄንድሪካና ፍሌር ወርደው ገደሉ አፍ ላይ ወዳለው አጥር ሄዱ። ፍሌር የአያቷን ኮፍያ አጥልቃ ትዘላለች። ትሪፖም ወርዶ የተሰበረውን ስፖኪዮ በሽቦ ለማሰር ጎንበስ አለ። ሽቦውን በቀዳዳው ማሳለፍ አቃተው። ሞከረ። ደግሞ ሞከረ። በሦስተኛው ጊዜ ሽቦው ከእጁ ወደቀ።

ኔዳ ይህን አየች። ከወንበሩ በላይ ተዘርግታ ቁልፉን ከመኪናው ነቀለችና ወረደች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አትነዳም።»

ትሪፖ ቀና አለ። «ቁልፉን አምጪ።»

«እጅህን እየው አባ። ሽቦ እንኳን ማስገባት አቃተህ።»

«ደንግጬ ነው! አውቶቡሱ አስደንግጦኝ ነው። አሁን ደህና ነኝ፣ ፍሬሽ ነኝ። ቁልፉን አምጪ ብዬሻለሁ።»

«ገና ብዙ ኩርባ አለ።»

«ኔዳ፣ እኔ አባትሽ ነኝ!» ድምፁ ከፍ አለ። አጥሩ ጋ ወይዘሮ ሄንድሪካ ዞር ብለው አዩ። ትሪፖ ወዲያው ፈገግ አለላቸው፣ እጁንም አወዛወዘላቸው። ከዚያ በፈገግታው መሃል፣ ጥርሱን ሳይከፍት ተናገረ። «አታዋርጂኝ። እለምንሻለሁ። በሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

አባቷ ለምኗት አያውቅም። ቁልፉ መዳፏ ውስጥ ሞቋል። ብትሰጠው ቀስ ብሎ ይነዳ ይሆናል፤ በደህና ኮቶር ይገቡ ይሆናል። ከኮቶር ወደ ፔራስት ከተማ፣ ከፔራስት በጀልባ ወደ ትንሿ ደሴት፣ ማታ ወደ ቡድቫ፤ ፕሮግራሙ እንዲያ ነው። ማንም ምንም አያውቅም። ፍሌር አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ «ኔዳ! ነይ፣ ነይ፣ አብረን ፎቶ እንነሳ!» እያለች ትጣራለች። አንድ ጫማዋ ከአጥሩ ሥር ጠጠር እየገፋ ቁልቁል ይጥላል።

ኔዳ ቁልፉን ኪሷ ከተተችና ወደ አጥሩ ሄደች።

«ወይዘሮ ሄንድሪካ» አለች። «ዋሽቼዎታለሁ። ጭማቂ አልነበረም። ሎዛ ነው፣ አረቄ። ሦስት ጠጥቷል።»

ሴትዮዋ ካሜራቸውን ዝቅ አደረጉ። አልተቆጡም። ይህም ለኔዳ ከቁጣ የባሰ ሆነባት። የፍሌርን እጅ ያዙ፣ ከአጥሩ ወደ ራሳቸው ሳቧት።

ትሪፖ ከኋላ ቆሞ ሰምቷል። «ሎዛ» የምትለዋን ቃል ለመስማት እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልግም። ከመሬት ያነሳውን ሽቦ መልሶ ጣለው፣ መንገዱን ተሻግሮ ከተራራው ግድግዳ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጀርባውን ለሁሉም ሰጠ።

ኔዳ ስልኳን አውጥታ ደወለች። ከወዲያ በኩል ሳቅና የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል።

«እትዬ ስታና» አለች። «ቅድም… በሩ ላይ ያልኩዎት ውሸት ነው። አሁንም ሊያወርዱን ይችላሉ?»

«የት ናችሁ?» አሉ ብቻ።

* * *

እትዬ ስታና አይብ በሚጭኑበት አሮጌ መኪና መጡ። ሽርጡን እንኳን አልፈቱም ነበር። መኪናቸውን ዳር ያዙ። ለማንም ምንም ሳይናገሩ እጃቸውን ለኔዳ ዘረጉ። ቁልፉን ሰጠቻቸው።

«የቤትዎ እንግዶችስ?» አለች ኔዳ።

«ንፍሮውን ጨርሰው ይጠብቁኛል። ስመለስ አውቶቡስ እስከዚህ ያደርሰኛል። ትሪፖ! ኧረ ተነሳ፣ ድንጋዩን እንደ እንቁላል አትታቀፈው!»

ትሪፖ ተነሳ። ሚኒባሱ ጋ መጣና የፊቱን በር ከፈተ፣ ትንሽ አሰበ፣ መልሶ ዘጋው። ወደ ኋላ ሄዶ ከእንግዶቹ ጀርባ ካለው ጠባብ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ። ትከሻው ከመቼው እንዳነሰ ኔዳ አልገባትም። አጠገቡ ልትቀመጥ አስባ ነበር፣ ፈራች። ከፊት ተቀመጠች።

እትዬ ስታና በየኩርባው ክላክስ እየነፉ ወረዱ። ፍሌርም በየኩርባው ክላክሱን በአፏ ታስመስል ነበር፤ ከዚያ እሷም እንቅልፍ ወሰዳት። ኔዳ ቁልቁሉን ሁሉ አንድ ነገር ነበር የምታስበው፤ ማታ እናቷ «እንዴት ዋላችሁ?» ስትል አባቷ ምን ይላል? ከእንግዲህስ ቅዳሜ ቅዳሜ «ነይ እንሂድ» ይላት ይሆን?

ኮቶር፣ በባሕሩ በኩል ካለው የግንቡ በር ጋ ሲደርሱ ሾፌሮቹ እንደ ልማዳቸው ተደርድረው ቆመዋል። አንዱ ከመሪው ጀርባ ሽርጥ የታጠቀች ሴት አየና ሌላውን በክርኑ ነካው። ኔዳ ፊቷ ጋለ። እትዬ ስታና ግን መኪናውን ከሁሉም መሃል አሳልፈው አንዴም ወደ ኋላ ሳይመልሱ አቆሙት።

ከኋላ የትሪፖ ድምፅ ተሰማ። የደከመ፣ የሻከረ ድምፅ ነበር።

«ኔዳ። ለሴትዮዋ አንድ ነገር ንገሪልኝ።»

ኔዳ ዞረች። ውሸት ከሆነ አልተረጉምም ብላ ለራሷ ወሰነች። አልተረጉምም፤ ቢቆጣም፣ ባያናግረኝም።

«ሦስት ጠጥቻለሁ በያት።»

«ነግሬያቸዋለሁ እኮ አባ።»

«አንቺ ነግረሻት ይሆናል። አሁን እኔ ነኝ የምነግራት።» ዐይኑን ወለሉ ላይ ተክሏል። «ሦስት ጠጥቻለሁ። ልጄንም ዋሺ ያልኳት እኔ ነኝ። ልጅ ይዛ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጣ… በቃ። ጀልባው ላይ ሌላ ሰው አብሯት ይሂድ ካለች፣ ወይም ለሚመለከተው ልጽፍ ካለች፣ መብቷ ነው።» ከዚያ፣ መቀለድ ልማዱ ነውና፣ ሳያስበው ጨመረ። «ሎዛው ግን ጥሩ ነበር። የሳቮ ሎዛ ሁልጊዜ ጥሩ ነው፣ ምን ላድርግ።»

እትዬ ስታና ከፊት ሆነው «አይ አንተ!» አሉና አፋቸውን በሽርጣቸው ያዙ።

ወይዘሮ ሄንድሪካ የተኛችውን ፍሌርን ደረታቸው ላይ ይዘው ኔዳን ያዩ ነበር። ይጠብቃሉ። ኔዳ ስለ ሎዛው የተናገራትን የመጨረሻዋን ነገር ብትተዋት እንደሚሻል አሰበች። ለአባቷ ይጠቅመዋል። ማንም አያውቅባትም።

ትንፋሿን ሰበሰበች። «አባቴ እንዲህ ይላል» ብላ ጀመረች፤ ሎዛው ድረስ፣ አንድም ቃል ሳትጨምር፣ አንድም ቃል ሳትቀንስ ተረጎመችላቸው።